ለኮድ የሚሆን ጥርት ያለ ፎንት፣ ውስጡ አማርኛም ካለ

ሰላሳ_ሁለት_ቢት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ስለ ፎንት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ እኔን ግን አንገሽግሾኛል።

ሥራዬ ፓይተን ነው፣ በብዛት ጃንጎ (የፓይተን የዌብ ማዕቀፍ)። ያለኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ 14 ኢንች፣ ስክሪኑ 1366 በ768፣ ዊንዶውስ 10፣ ኮድ መጻፊያ ኤዲተሬ ቪኤስ ኮድ። አመሻሽ ላይ ዓይኔ መቃጠል ይጀምራል፣ ፊደሎቹም ይደባለቁብኛል።

በዚህ ላይ ሰሞኑን አንድ የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራሜን ከሌላ አገልግሎት ጋር የሚያገናኝ ረጅም የይለፍ ኮድ) በቴሌግራም በስክሪንሾት ተላከልኝ። በእጄ ገልብጬ ባስገባው እምቢ አለ። ለካ ትንሿ ኤል የመሰለችኝ ትልቁ አይ ኖሯል። እስኪገባኝ ድረስ ሰርቨሩንም ኢንተርኔቱንም ስጠረጥር ዋልኩ።

ሌላው ደግሞ ፕሮጀክቱ ውስጥ አማርኛ አለ። የስህተት መልእክቶች፣ የክልልና የከተማ ስሞች፣ ምናምን። አማርኛ ያለበት መስመር ላይ ሲደርስ አሰላለፉ ሁሉ ይወላገዳል። በስፔስ አስተካክዬ የደረደርኩት ዝርዝር አንዱ ወጣ፣ ሌላው ገባ ይላል።

ነፃ የሆነ፣ ጥርት ያለ፣ ከተቻለ አማርኛም ያለበት ሞኖስፔስ ፎንት (ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ስፋት የሚይዙበት) የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ቡና_በጃቫ፦

ጄትብሬይንስ ሞኖ። ነፃ ነው። ቀጣይ ጥያቄ።

ሜሪላንድ_ነኝ፦

እኔ ማክ ላይ ነኝ። ድሮ ሜንሎ ነበር፣ አሁን ኤስኤፍ ሞኖ። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ የቱ እንደተከፈተ እንኳ አላስተውልም። ፎንት ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ያደርጋል? ሁሉም ያምራል።

ሳሪስ_አቦ፦

ሬቲና ስክሪን (ፒክስሉ የበዛው የማክ ስክሪን) ላይማ ሁሉም ያምራል ወንድሜ። ልጁ ያለው 1366 በ768 ነው። እዚህ ሀገር ግማሹ ኮደር የሚሠራው በዚያ ስክሪን ነው፣ ምክር ስንሰጥ እሱን እናስብ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ስክሪን ላይ መጠኑን 14 ስታደርገው ለአንድ ፊደል ቋሚ መስመር የሚደርሰው አንድ ፒክስል ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ቀጭን ሆኖ የተሳለ ፎንት ደግሞ አንድ ሙሉ ፒክስል አይሞላም። ያኔ ኮምፒውተሩ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ያደበዝዘዋል። ፊደሉ የታጠበ ይመስላል።

ይህን የሚያስተካክለው ሂንቲንግ የሚባለው ነገር ነው። ፎንቱ ውስጥ አብሮ የሚጻፍ መመሪያ ነው፤ ፊደሉ በትንሽ መጠን ሲታይ መስመሩ ልክ ፒክስሉ ላይ እንዲያርፍ ያዛል። ኮንሶላስ የተሠራው ለዚህ ነው። ሉካስ ደ ግሩት የሚባል የፎንት ሠሪ ለማይክሮሶፍት የሠራው ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታና ከኦፊስ 2007 ጋር ወጣ። ያኔ የሁሉም ሰው ስክሪን አሁን እንዳንተ ዓይነት ነበር። ክሊርታይፕ ለሚባለው የማይክሮሶፍት ማለስለሻ ታስቦ ስለተሳለ በዝቅተኛ ስክሪን ላይ አሁንም የሚያህለው ጥቂት ነው።

ደግሞ ልብ በል፣ ቪኤስ ኮድን ካልነካኸው ዊንዶውስ ላይ የሚጠቀመው ኮንሶላስን ነው። ስለዚህ ምናልባት ፎንትህ አይደለም ችግሩ። ስታርት ላይ «ክሊርታይፕ» ብለህ ፈልግና ማስተካከያውን አንድ ጊዜ እለፍበት። ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ተዘግቶ ነው የሚገኘው።

ሰላሳ_ሁለት_ቢት፦

ሳሪስ፣ አየሁት፣ ተዘግቶ ነበር! ከፈትኩት። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ግን ፎንቱን እኔ ቀይሬዋለሁ፣ ኩሪየር ኒው ነው ያለው። «ኮድ በኩሪየር ነው የሚጻፈው» ሲባል ሰምቼ።

ሳሪስ_አቦ፦

ኩሪየር ኒው! በል አሁኑኑ አውጣው።

ኩሪየርን በ1950ዎቹ አይቢኤም ለታይፕራይተር ያሠራው ነው። ታይፕራይተር ላይ ሪባኑ ቀለም ስለሚያፈስ ፊደሉ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይወፍራል። ኩሪየር ኒው ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ ያ የቀለም ውፍረት አልመጣም። ለዚህ ነው እንደ ሸረሪት ድር የሚቀጥነው። ዜሮዋም ባዶ ናት፣ ውስጧ ጭረትም ነጥብም የላትም። ከትልቁ ኦ የምትለየው በስፋቷ ብቻ ነው።

ባክቲክ፦

የኤፒአይ ቁልፉን ነገር ግን ኤዲተርህ ላይ አታሳብ። ያነበብከው እኮ ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራም መልእክት የሚያሳየው በተራ ፎንት ነው፣ እዚያ ትንሿ ኤልና ትልቁ አይ ሁለቱም ቀጥ ያለች አንዲት እንጨት ናቸው። ምንም ዓይነት የኮድ ፎንት ብትጭን ያንን አያድንህም።

ለላከልህ ሰው ንገረው፦ ቁልፉን በሁለት ባክቲክ (`) መሃል አድርጎ በጽሑፍ ይላክ። ቴሌግራም ያንን በሞኖስፔስ ያሳየዋል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ስትነካው ኮፒ ይሆናል። የምን በእጅ መገልበጥ ነው። ቁልፉ ፎቶ ሆኖ ቻት ውስጥ መቀመጡ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ነው፣ እሱን ዛሬ ልለፈው።

ድርብ_ሰረዝ፦

ባክቲክ ልክ ነው። ግን ኤዲተር ውስጥም መለየታቸው ግድ ነው፣ ስለዚህ ፎንት ስትመርጥ ምን እንደምታይ ልንገርህ። የፎንቱን ማስታወቂያ ፎቶ አትመን፣ እዚያ ሁሉም በትልቅ መጠን ነው የሚታየው። በራስህ ስክሪን፣ በራስህ መጠን፣ አንድ መስመር ጻፍ። ትንሿ ኤል፣ ትልቁ አይ፣ 1፣ ትልቁ ኦ፣ 0። ከዚያ 8ን ከትልቁ ቢ፣ 5ን ከትልቁ ኤስ አጠገብ። ቀጥሎ ( ከ { ጋር፣ ነጥብ ከኮማ ጋር፣ ነጠላ ጥቅስ ከባክቲክ ጋር። በዝቅተኛ ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው ቅንፉ ነው፣ ሰው ግን ዜሮዋን ብቻ አይቶ ይወስናል።

ዜሮን በተመለከተ ሁለት ጎራ አለ። ኮንሶላስ፣ ሜንሎና ሮቦቶ ሞኖ በጭረት ነው የሚያቋርጧት። ሶርስ ኮድ ፕሮ፣ ፊራ ኮድና አይቢኤም ፕሌክስ ሞኖ መሃሏ ላይ ነጥብ ያኖሩባታል። እኔ ነጥቡን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በትንሽ መጠን ጭረቷ ዜሮዋን ትሞላትና 8 ታስመስላታለች። ይሄ ግን የዓይን ጉዳይ ነው፣ ሌላው ተቃራኒውን ሊልህ ይችላል።

ኮማ_ነጥብ፦

አርኤን አንድ ላይ ሲጻፉ ኤም የሚመስሉትን ረሳሽው።

ድርብ_ሰረዝ፦

አልረሳሁትም፣ ሞኖስፔስ ላይ እሱ እዳው ገብስ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቤት ስላለው አርና ኤን ሁለት ቤት ይይዛሉ፣ ኤም አንድ። ፊደሎች ተጠጋግተው ሌላ ፊደል የሚመስሉት በተራ ፎንት ላይ ነው።

ቡና_በጃቫ፦

ይህን ሁሉ አንብቤ አሁንም ጄትብሬይንስ ሞኖ እላለሁ። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ ትንንሾቹን ፊደሎች ሆን ብለው ረጅም አድርገዋቸዋል፣ በ13 እንኳ ይነበባል። ቀጠነብኝ ካልክ ውፍረቱን ሚዲየም አድርገው፣ ቪኤስ ኮድ ላይ ፎንት ዌይት 500 ማለት ነው። ሊጌቸሩን (ጎን ለጎን ያሉ ምልክቶችን አዋህዶ የሚያሳየውን) ስታበራው ደግሞ != ወደ ≠ ይቀየርልሃል፣ => ሙሉ ቀስት ይሆናል። ኮድህ ያምራል።

መምህር_ኮድ፦

ቡና፣ ፎንቱ ላይ እስማማለሁ፣ ሊጌቸሩ ላይ ግን እንጣላለን።

እኔ ጀማሪዎችን ነው የማስተምረው። ፕሮጀክተር ላይ ያየውን ≠ ኪቦርዱ ላይ የሚፈልግ ተማሪ አጋጥሞኛል። እሱ ምን ያድርግ? ያየው እሱን ነው። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ምልክቶች ናቸው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ። ኮድ ማለት የጻፍከውን ነገር ልክ እንደጻፍከው ማየት አይደል እንዴ?

ቡና_በጃቫ፦

መምህር፣ ለተማሪ እሺ። እኔ ግን የምጽፈውን አውቃለሁ። ደግሞ ስፋቱ አይለወጥም፣ ሁለት ቤት የነበረው ሁለት ቤት ነው የሚይዘው። ከርሰሩን ብታስገባው መሃሉ ይገባል።

መምህር_ኮድ፦

አንተ ታውቃለህ፣ ስክሪንሾቱን የምትልክለት ሰውስ? በነባሪ ቪኤስ ኮድ ሊጌቸሩን አጥፍቶ ነው የሚመጣው፣ እንደዚያው ይቆይ። ጨርሶ የሌለበት የሚፈልግ ኤንኤል የሚል ቅጥያ ያለውን ጄትብሬይንስ ሞኖ ያውርድ። ከማይክሮሶፍት ፎንቶችም ካስካዲያ ኮድ ሊጌቸር አለው፣ ካስካዲያ ሞኖ የለውም። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

ሳሪስ_አቦ፦

ስለ ስፋት ካነሳችሁ አንድ ነገር። 1366 ፒክስል ጠባብ ነው። ጄትብሬይንስ ሞኖ የአንድ ፊደል ስፋቱ የመጠኑ 0.6 ነው። በ14 ሲጻፍ 8.4 ፒክስል። ሙሉ ስክሪኑ ላይ 162 ፊደል ይገባል ማለት ነው። ኢዮሴቭካ የሚባለው ደግሞ የመጠኑ ግማሽ ነው፣ 7 ፒክስል። 195 ፊደል ይገባል። ሁለት ፋይል ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ 80 ፊደል፣ ከመስመር ቁጥሩ ጋር መክፈት ለሚፈልግ ሰው በዚህ ስክሪን ላይ ኢዮሴቭካ ያስገባለታል፣ ጄትብሬይንስ አያስገባለትም።

ጠባብ ነው፣ መጀመሪያ ይከብዳል። አንዳንዱ ሰው ከነጭራሹ አይለምደውም። ነፃ ነው፣ ሞክሮ መጣል ይቻላል።

ኮማ_ነጥብ፦

እኔ ኮሚክ ሞኖ ነው የምጠቀመው። አትሳቁ።

ባክቲክ፦

ሳቅን።

ድርብ_ሰረዝ፦

አሁን ዋናውን ነገር ላንሳ። ሰላሳ_ሁለት አማርኛም ያለበት ፎንት ነው የጠየቀው፣ ሁላችሁም ዘለላችሁት።

እስካሁን እዚህ ከተጠሩት ፎንቶች አንዱም ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ኮንሶላስ ውስጥ የለም። ጄትብሬይንስ፣ ፊራ ኮድ፣ ካስካዲያ፣ ኢዮሴቭካ፣ የአንዳቸውም ውስጥ የለም። ስሙ ተስፋ የሚሰጠው ኖቶ ሳንስ ሞኖ እንኳ የለውም።

ታዲያ ኤዲተርህ ላይ የምታየው አማርኛ ከየት መጣ? ከሌላ ፎንት ተበድሮ። ኤዲተሩ «ሰ» የምትል ፊደል ሲያገኝ መጀመሪያ የመረጥክለት ፎንት ውስጥ ይፈልጋታል። ሲያጣ ወደ ቀጣዩ ስም ይሄዳል። እዚያም ሲያጣ ሲስተሙ ደስ ያለውን ይሰጠዋል። ዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ ጊዜ ኤብሪማ ነው። ኒያላ ከተጫነ ኒያላም ሊሆን ይችላል። ማክ ላይ ከፋ የሚባል ፎንት አለ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። እነዚህ ሁሉ ጽሑፍ ለማንበብ የተሠሩ ናቸው፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ገላው ነው ቦታ የሚይዝባቸው። «ነ» ጠባብ ናት፣ «ጧ» እጥፏን ልትይዝ ትችላለች። በስፔስ ያሰለፍከው ዝርዝር የሚወላገደው ለዚህ ነው። የላቲን ፎንት ስትቀያይር ብትከርም አይስተካከልም።

ማድረግ የምትችለው ብድሩን ራስህ መምረጥ ነው። ቪኤስ ኮድ ላይ ፎንት ፋሚሊ የሚለው ቦታ አንድ ስም ብቻ ሳይሆን መደዳ ይቀበላል። መጀመሪያ የላቲኑን፣ ቀጥሎ የግዕዙን፣ መጨረሻ ሞኖስፔስ የሚለውን ጻፍ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፣ የግዕዝ ፎንቶች ውስጥ ላቲንም ስላለ ግዕዙ ከቀደመ ኮድህ ሁሉ በሱ ላቲን ይጻፋል። የምትለያቸውም በእንግሊዝኛው ኮማ ነው፣ በነጠላ ሰረዝ እንዳታደርገው።

ለሁለተኛው ቦታ እኔ የምመክረው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው። ኒያላ መልኩ ደስ ይላል፣ ነገር ግን በዚያው መጠን ከላቲኑ ጋር ሲቆም በጣም ያንሳል። ቪኤስ ኮድ ደግሞ ለሁለቱ ፎንቶች የተለያየ መጠን አያስሰጥም። በ14 ላይ በኒያላ «ቡ» እና «ቢ» ጎን ለጎን ጻፍና እያቸው። አንዷ ቅጥያዋ መሃል ላይ፣ የሌላዋ እግሯ ሥር ነው። ያቺ ቅጥያ አንድ ፒክስል ስትሆን ሁለቱ መንታ ይሆናሉ።

ሰላሳ_ሁለት_ቢት፦

እህቴ፣ ይሄን ነበር የምፈልገው። ግን አሰላለፉስ? መፍትሔ የለውም ማለት ነው?

ድርብ_ሰረዝ፦

በፎንት በኩል የለውም ባይ ነኝ። በአጻጻፍ በኩል ግን አለ። አማርኛ ያለበትን ዝርዝር በስፔስ አታሰልፍ። አንድ መስመር ላይ አንድ ነገር ጻፍ፣ ገባ ማድረጊያ ስፔሱን በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ተጠቀም። መልእክቶቹን ደግሞ ጃንጎ ላይ እስከሆንክ ድረስ ወደ ትርጉም ፋይሉ፣ ወደ ፒኦው አውጣቸው። እዚያ እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መስመር ላይ ነው፣ የሚሰለፍ ነገር የለም። ኮድህም ላይ ኪቦርድ መቀያየር ይቀንስልሃል።

ባክቲክ፦

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይስ? ጊት ሎግ፣ ማለትም የኮድ ለውጦች መዝገብ ላይ፣ የአማርኛ ኮሚት መልእክት ሳይ ፊደሎቹ እርስ በርስ ተደራርበው ነው የማየው። አንዳንዴ ግማሹ ተቆርጦ።

ድርብ_ሰረዝ፦

ተርሚናል ከኤዲተር ይብሳል፣ ምክንያቱም እሱ ፎንቱን አይጠይቅም። ስክሪኑን እንደ ሒሳብ ደብተር በቤት በቤት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ፊደል ስንት ቤት እንደሚገባው ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች ቁጥር ከተሰጣቸው መዝገብ) ሠንጠረዥ ያያል። የቻይና ፊደል «ሰፊ» ተብሎ ስለተመዘገበ ሁለት ቤት ያገኛል። ግዕዝ «ገለልተኛ» ነው የሚለው፣ ስለዚህ እንደ ላቲን አንድ ቤት። አንድ ቤት ውስጥ ደግሞ «ጨ» አትገባም። ተርሚናሉ ወይ ይቆርጣታል፣ ወይ ጎረቤቷ ላይ ይጥላታል፣ ወይ እንድትገባ ያሳንሳታል።

ኪቲ የሚባለውን ተርሚናል የምትጠቀም ከሆነ ሲምቦል ማፕ በሚለው ቅንብር የግዕዙን ክልል፣ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን፣ ለፈለግከው ፎንት መስጠት ትችላለህ። መልኩን ያሻሽላል። ቤቱ ግን ያው አንድ ነው።

የድሮው_ታይፒስት፦

ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። የአማርኛ ሞኖስፔስ አልነበረም አትበሉ። እኔ ከኮምፒውተር በፊት በኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕራይተር ነው ስጽፍ የኖርኩት። ታይፕራይተር ላይ ጋሪው ለ«ነ»ም ለ«ጨ»ም የሚሄደው እኩል ነው። ያ ታዲያ ሞኖስፔስ ካልሆነ ምንድን ነው?

የአማርኛ ታይፕራይተርን በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ፊደላችን ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት። ስለዚህ ፊደሉ ለብቻ፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ለብቻ ነበር የሚመታው። የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቅጥያው አንዳንዴ ከፊደሉ ራቅ ብሎ ያርፋል፣ «ን» ሰፊ ሜዳ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። አያምርም። ሠንጠረዥ ስትሠሩ ግን ገንዘቡ ከገንዘብ፣ ስሙ ከስም ሥር ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር።

ድርብ_ሰረዝ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬም አንድ ሰው የግዕዝ ሞኖስፔስ ልሥራ ቢል የሚጠብቀው ያው ምርጫ ነው።

አንድ ቤት ውስጥ ልክተት ካለ፣ በ14 መጠን ያለው ቦታ 8 ፒክስል ገደማ ነው። «ጠ» ሦስት እግር አላት። ሦስት እግርና በመካከላቸው ሁለት ክፍተት፣ 5 ፒክስል ሄደ። ግራና ቀኝ ከጎረቤት የሚለያት አየር ይጨመር። «ጡ» ስትሆን ደግሞ በቀኝ በኩል ቅጥያ ትፈልጋለች። «ጧ»ን ተዉት። ሰፋ ባለ ጥሩ ስክሪን ላይ ይቻል ይሆናል፣ በሰላሳ_ሁለት ስክሪን ላይ የማይታሰብ ነው።

ሁለት ቤት ከተሰጠው፣ እንደ ቻይናው፣ «ጠ» ትተነፍሳለች፣ «ን» እና «ር» ጋሼ እንዳሉት ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እኔ ሁለት ቤቱን ነው የምመርጠው። ኤዲተር ውስጥ ይሠራል፣ ላቲኑም በትክክል በእጥፍ ስለሚሰለፍ ዝርዝር አይወላገድም። ተርሚናል ግን ሠንጠረዡ አንድ ቤት እስካለ ድረስ አይሰማም። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው ደፍሮ የማይገባበት፤ ከ300 በላይ ቅርጽ ስለህ ግማሹ ቦታ ላይ የማይሠራ ፎንት ማውጣት ያደክማል።

ኮማ_ነጥብ፦

ቪዥዋል ግዕዝ ብንጠቀምስ?

የድሮው_ታይፒስት፦

ኧረ በስማም በል። የድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ላይ ነበር አማርኛውን የሚያስቀምጠው። ፎንቱ ሲወልቅ ጽሑፍህ ሁሉ ዝብርቅርቅ ያለ ላቲን ይሆናል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊት የጻፍናቸውን ፋይሎች ዛሬም መክፈት የሚያቅተን አለን። ኮድ ላይ ያንን አምጥተህ ማን ሊያነብልህ ነው?

ቪም_አይደለሁም፦

የኢማክስ (ሌላ ኮድ መጻፊያ ኤዲተር) ተጠቃሚ ካለ፦ ኢማክስ ለግዕዝ ክልል የራሱን ፎንት ማዘዝም፣ መጠኑን ለብቻ ማሳደግም ያስችላል። ድርብ_ሰረዝ ቪኤስ ኮድ አያደርግም ያለችውን ማለት ነው። ደግሞ ኮንትሮል ኤች፣ ቀጥሎ ኤች ብትጫኑ በብዙ ቋንቋ ሰላምታ የሚል ገጽ ይከፈታል፣ «ሠላም» የሚል አማርኛም አለበት። የግዕዙ ፎንት ምን እንደሚመስል ለማየት እኔ እሱን ነው የምከፍተው።

መምህር_ኮድ፦

ቅድም ልጽፍ ብዬ የተውኩትን ልጨምር፣ ከፎንት ምርጫ ጋር ይያያዛል።

ተማሪዎቼ ዲክሽነሪ ሲጽፉ ቁልፉ አማርኛ ነው። {"ስም"፡ እያሉ ይቀጥላሉ። ኪቦርዱ ገና አማርኛ ላይ ስለሆነ የመጣው ኮሎን ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነው። ፓይተን ደግ ነው፣ «የማይሆን ምልክት» ብሎ ምልክቱን ራሱንና የዩኒኮድ ቁጥሩን 1361ን ያሳይሃል። ክሮም ላይ ያለው ጃቫስክሪፕት ግን «ያልተጠበቀ ቶከን» ብሎ ዝም ነው፣ የትኛው እንደሆነ አይነግርህም።

ከዚህ የባሰው አራት ነጥብ ነው። ብዙ የፎነቲክ ኪቦርዶች ላይ ኮሎንን ሁለቴ ስትጫን ። ይሰጥሃል። ፓይተን ላይ ሊስት ለመገልበጥ [::-1] ልትጽፍ ብለህ [።-1] ትጽፋለህ። ፒኤችፒና ራስት ላይ ደግሞ :: የሌለበት ገጽ የለም። ሁለቱን በዓይን ለዩልኝ እስቲ።

እንግዲህ ድርብ_ሰረዝን ልቃወማት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከኮድ ፎንቶች ጋር በጣም ነው የሚስማማው፣ ነጥቦቹም እንደዚያው። እኔ ለተማሪዎች ሆን ብዬ የማይስማማ ፎንት ነው የማስጭናቸው፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን፣ የእጅ ጽሑፍ መልክ ያለውን። አማርኛው ከኮዱ ጎልቶ ይታያል። ሕብረ ቁምፊው (በጥቅስ መሃል ያለው ጽሑፍ) ውስጥ ይሁን፣ የማይገባበት ቦታ ገብቶ ይሁን፣ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ድርብ_ሰረዝ፦

መምህር፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ ግን ግማሹን ነው የምቀበለው። ለጀማሪ ልክ ነህ። ቀኑን ሙሉ የአማርኛ መልእክት ለሚያነብ ሰው ግን አቢሲኒካ በ14 በዚያ ስክሪን ላይ ዓይን ይፈጃል፣ የብዕር ቅጥነትና ውፍረቱ ፒክስል ይጠይቃል። የምልክቱን ነገር ለኤዲተሩ መተው ይሻላል። ቪኤስ ኮድ ከመሠረታዊው አስኪ (ከእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት) ውጭ ያለን ምልክት ሁሉ በሳጥን የሚከብብበት ቅንብር አለው፣ ዩኒኮድ ሃይላይት ብለው ይፈልጉት። ሕብረ ቁምፊ ውስጥ ያለውን አማርኛም ይከባል፣ እሱ ያሰለቻል፣ ስለዚህ ስህተቱ ሲጠፋባቸው ብቻ ያብሩት።

የዓይን_ነገር፦

ዘግይቼ ገባሁ። ዓይናችሁ ደካማ ለሆነ ሁለት ስም ልስጥ። ኢንቴል ዋን ሞኖ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ማየት የሚቸግራቸውን ፕሮግራመሮች አስበው ነው የሠሩት። ሌላው አትኪንሰን ሃይፐርሌጂብል ሞኖ፣ አሜሪካ ያለው የብሬይል ኢንስቲትዩት ያወጣው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። እኔ መነጽሬ ከፍ ካለ ወዲህ የመጀመሪያውን ነው የምጠቀመው። ቅንፎቹ ሰፋ ያሉ ናቸው፣ { ን ከ ( ለመለየት አልጠጋም።

ሰላሳ_ሁለት_ቢት፣ ደግሞ መጠኑን ከፍ አድርገው። 16 ብታደርገው ማንም አይስቅብህም።

ሰላሳ_ሁለት_ቢት፦

ሁሉንም አመሰግናለሁ። ሞከርኩ፣ ውጤቱን ልናገር።

ክሊርታይፑን ከፍቼ፣ ኩሪየሩን አውጥቼ፣ ኮንሶላስንና ጄትብሬይንስ ሞኖን በድርብ_ሰረዝ መስመር አወዳደርኳቸው። ቡና እንዳይቀየመኝ እንጂ በ14 ላይ ኮንሶላስ አሸነፈ፣ መስመሩ ይጠቁራል። በ16 ጄትብሬይንስ። ወደ 16 ሄድኩና ጄትብሬይንስን ውፍረቱን 500 አድርጌ ያዝኩ። ኢዮሴቭካን ሞክሬ ፊደሎቹ ወረፋ የተሰለፉ መሰሉኝ፣ ተውኩት። የኢንቴሉ ቅንፍ በጣም ጥሩ ነው፣ ላቲኑ ግን ሰፋብኝ።

ሁለተኛው ቦታ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ገባ። መልእክቶቹን ወደ ፒኦ ማውጣት ጀምሬያለሁ፣ የከተሞቹን ዝርዝር ደግሞ አንድ መስመር ላይ አንድ አድርጌዋለሁ።

አንድ ችግር ቀረኝ። አማርኛ ያለበት መስመር ላይ የፊደሉ አናት ወደ ላይኛው መስመር የተጠጋ ይመስላል።

ድርብ_ሰረዝ፦

የመስመሩን ከፍታ ጨምር። ላይን ሃይት የሚለው 0 ላይ ከሆነ ቪኤስ ኮድ ራሱ ነው የሚገምተው፣ የሚገምተው ደግሞ ላቲን ይሆናል ብሎ ነው። ለ16 መጠን 26 ሞክር።

ሰላሳ_ሁለት_ቢት፦

26 ትንሽ በዛ፣ 25 ላይ ተስተካከለ።

ሜሪላንድ_ነኝ፦

ሁሉም ያምራል ያልኩትን አነሳሁ። ግን እኔ ፓይቻርም ነው የምጠቀመው፣ እዚያ ፎንት መምረጫው ላይ የስም መደዳ አይቀበለኝም። የግዕዙን የት ነው የማስገባው?

ቡና_በጃቫ፦

ሴቲንግስ፣ ኤዲተር፣ ፎንት። ታች ታይፖግራፊ ሴቲንግስ የሚለውን ዘርጋው፣ ፎልባክ ፎንት የሚል አለ። የግዕዙን እዚያ ምረጥ። ላይኛው ቦታ ላይ ጄትብሬይንስ ሞኖ ራሱ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፣ እሱን አትንካው።